ሁለት ቢሾፕ ከመሠዋትዎ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1889 አምስተርዳም ላይ በተካሄደው የቼዝ ውድድር፣ ገና 21 ዓመት ያልሞላው ኢማኑኤል ላስከር ሁለቱንም ቢሾፖቹን በዮሐን ባወር ንጉሥ ደጃፍ ሠውቶ አሸነፈ። ከ5 ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ዘውዱንም እስከ 1921 አላስነጠቀም። ጨዋታውን የሚያደንቅ ሁሉ ስለ ቢሾፖቹ ያወራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ምርጡ እርምጃ ምንም ያልተሠዋበት 22ኛው ነው። ይህን ዓይነት ጥቃት መማር የሚፈልግ ሰው ጨዋታውን ከዚያ እርምጃ አንጻር ቢያጠናው ይሻለዋል።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ያውጡና ከ13ኛው እርምጃ በኋላ ያለውን አቀማመጥ ይደርድሩ። በስልክ ከማየት ጠጠሮቹን በእጅ ማንቀሳቀስ ይበልጣል።

ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፣ ንግሥት ኢ2፣ ሩኮች ኤ1 እና ኤፍ1፣ ቢሾፖች ዲ3 እና ኢ5፣ ፈረስ ጂ3፣ ወታደሮች ኤ2፣ ቢ3፣ ሲ2፣ ዲ2፣ ኢ3፣ ኤፍ4፣ ጂ2፣ ኤች2።

ጥቁር፦ ንጉሥ ጂ8፣ ንግሥት ሲ6፣ ሩኮች ኤ8 እና ኤፍ8፣ ቢሾፖች ቢ7 እና ኢ7፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ወታደሮች ኤ6፣ ቢ6፣ ሲ5፣ ዲ5፣ ኢ6፣ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7።

ተራው የነጭ ነው።

1. ጠባቂውን ያንሱ። የነጭ ቢሾፖች አንዱ ኤች7ን፣ ሌላው ጂ7ን ያነጣጥራሉ። ኤፍ6 ላይ የቆመው የጥቁር ፈረስ ግን ኤች7ንም ኤች5ንም ይጠብቃል፤ እሱ እያለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ላስከር በ14ኛው እርምጃ ፈረሱን ኤች5 ላይ አስቀመጠ፤ ባወርም በራሱ ፈረስ በላው። አሁን የንጉሡ ዘበኛ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ነው፤ ኤች7ን ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም።

2. ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ በንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ያለውን ፈረስ ይበላል፤ የተበላበትን ለመመለስ ይቸኩላልና። ያን ጊዜ ጥቁር ወታደሩን ወደ ኤፍ5 ገፍቶ የዲ3ን ቢሾፕ መንገድ ይዘጋዋል፤ ጥቃቱም እዚያው ይቆማል። ላስከር ግን አስቀድሞ ቢሾፑን ኤች7 ላይ በቼክ ሰጠ። ንጉሡ ሲበላው ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ፈረሱን የምትበላው እሷም በቼክ ነው። ንጉሡ ወደ ጂ8 ተመለሰ፤ ጥቁር በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ነጻ ተራ አላገኘም። በራስዎ ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣልዎ ሁለቱንም ቅደም ተከተል ይሞክሩ፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ቼክ ያለበት የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው።

3. ሁለተኛውን ቢሾፕ ይስጡ። 17ኛው እርምጃ ላይ የኢ5 ቢሾፕ የጂ7ን ወታደር በላ። ቢሾፑ እዚያ ከቆየ ንግሥቲቱ ኤች8 ላይ ማት ትላለች። ጥቁር የኤፍ ወታደሩን ቢገፋ ነጭ ሩኩን ወደ ኤፍ3 አውጥቶ ጥቃቱን ይቀጥላል። ባወር በንጉሡ በላው፤ በንጉሡ ፊት የቀረ ወታደር የለም።

4. ንጉሡን ወደሚፈልጉት ቦታ ይንዱት። ንግሥቲቱ ጂ4 ላይ ቼክ አለች። ንጉሡ ወደ ኤፍ6 ቢወጣ ጂ5 ላይ ማት ይሆናል፤ ንግሥቲቱን የኤፍ4 ወታደር ይጠብቃታልና። ስለዚህ ወደ ኤች መስመር መሄድ ግድ ነው፤ ባወር ኤች7ን መረጠ። ላስከር ይህን ቼክ ዘሎ ሩኩን ቢያወጣ ኖሮ ጥቁር ሩኩን ወደ ኤች8 አምጥቶ ኤች5 ላይ ያለችውን ንግሥት ያባርር ነበር።

5. ሩኩን ያምጡ፤ የተቃዋሚዎንም አንድ ተራ ይመርምሩ። ሩኩ ከኤፍ1 ወደ ኤፍ3፣ ከዚያ ወደ ኤች3 ይሄዳል። ኤፍ3 ላይ ሲያርፍ ቼክ የለም። ሁለት ቢሾፕ ከፍለው ለተቃዋሚ አንድ ተራ መስጠት ያስፈራል፤ ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ጥቁር ተራውን በከንቱ ካሳለፈው ሩኩ ኤች3 ላይ ቼክ ይላል፣ ቢሾፑ ኤች4 ላይ ይጋረዳል፣ ሩኩ በልቶት ማት ይሆናል። ስለዚህ የጥቁርን ምርጥ መልስ ራስዎ በጥቁር ወገን ተቀምጠው ይፈልጉት።

ባወር አገኘው፤ ወታደሩን ከኢ6 ወደ ኢ5 ገፋ። ስድስተኛው ረድፍ ስለተከፈተ ንግሥቱ ከሲ6 ተነሥታ ኤች6 ላይ ልትጋረድ ቻለች። ሩኩ ኤች3 ላይ ቼክ አለ፣ ንግሥቲቱ ገባች፣ ሩኩ በላት፣ ንጉሡ ሩኩን በላ። ማት የለም።

6. ሒሳቡን ይዝጉ። እዚህ ላይ ጠጠሮቹን ይቁጠሩ። ነጭ ንግሥትና አንድ ሩክ አለው፤ ጥቁር ሁለት ሩክና ሁለት ቢሾፕ። ተራው የነጭ ሆኖ እዚህ ቢያቆም የሚያስመካ ነገር አልነበረም። አሁን ሰሌዳውን ልብ ብለው ይዩት። የጥቁር ንግሥት ስለሄደች ቢ7 ላይ ያለውን ቢሾፕ የሚጠብቀው የለም። የኢ7ንም የሚጠብቀው የለም። ለመከላከያ የተገፋው የኢ ወታደር ደግሞ ከጂ4 ወደ ዲ7 የሚወስደውን ሰያፍ መስመር ከፍቶታል! ላስከር በ22ኛው እርምጃ ንግሥቲቱን ዲ7 ላይ አስቀመጠ፤ ሁለቱን ቢሾፖች በአንዴ ያዘች። ባወር የኢ7ን ወደ ኤፍ6 አሸሸ፣ የቢ7 ተበላ። ነጭ ያኔ ሁለት ወታደር በልጧል፤ የጥቁር ንጉሥ ደግሞ ከለላ የለውም። ጨዋታው እስከ 38ኛው እርምጃ ቢሄድም ከዚህ በኋላ ያለው የጉልበት ሥራ ነው።

ላስከር ዲ7ን ከየትኛው እርምጃ ጀምሮ እንዳየው ልንምል አንችልም። እኛ ግን ቢሾፕ ከመስጠታችን በፊት ማየት አለብን፤ ማት ካልተገኘ የምንይዘው ምንድን ነው? መልስ ከሌለ ቢሾፑ ቤቱ ይቀመጥ።

7. አቀማመጡን እየለወጡ ይሞክሩ። በመነሻው አቀማመጥ የጥቁርን ሩክ ከኤፍ8 አንሥተው ኢ8 ላይ ያድርጉትና እንደገና ይጫወቱት። ጂ4 ላይ ቼክ ሲመጣ ንጉሡ ወደ ኤፍ8 መሸሻ አለው፤ የኢ7 ቢሾፕም ጠባቂ አግኝቷል። አንዲት ጠጠር አንድ ቤት ብትንቀሳቀስ ስንት ነገር እንደሚበላሽ ያያሉ። ኮምፒውተር የሚከፍቱት ራስዎ ደክመው ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

8. ዓይንዎን በሌላ ጨዋታ ይፈትኑ። ዚግበርት ታራሽ በ1914 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ጥቁር ይዞ አሮን ኒምዞቪችን በዚሁ ስልት አጥቅቷል፤ ቢሾፖቹን ኤች2 እና ጂ2 ላይ ሰጠ። ኒምዞቪች የመጀመሪያውን በላ፣ ሁለተኛውን ግን ሳይነካ ወታደሩን ወደ ኤፍ3 ገፋ። ሁለተኛውንም ቢበላው ኖሮ የታራሽ ሩክ ወደ ኤች መስመር በየት በኩል ይደርስ ነበር? እርምጃዎቹን ከመግለጥዎ በፊት መንገዱን ፈልገው ወረቀት ላይ ይጻፉት።