ተረቱን ያውቀዋል፣ በቆሎውን ግን አላካፈለም

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ አያቱ በአፋን ኦሮሞ፣ እኔ በአማርኛ ተረት እንነግረዋለን። የስስታሟን ጦጣ ተረት ነግሬው «ምን ተማርክ?» ብለው «ጦጣ ስስታም ናት» አለኝ። በማግስቱ የተጠበሰ በቆሎውን ከታናሽ እህቱ ደብቆ በላ። ያሉን መጻሕፍት ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሚኖሩ የአዲስ አበባ ልጆች የሚያወሩ ናቸው። ልጅ እሱን ከማይመስሉት ይማራል ወይ?
እናት፣ ከሁሩሙ

መልስ፦ ልጅዎ ተረቱን አልሳተም። እናንተ ዘንድ ጦጣ ከጫካ ወጥታ ማሳ የምታራቁት ሌባ ናት፤ በዓይኑ ስለሚያያት አውሬ የነገሩትን አምኖ ተቀብሏል። ነገሩ እሱንም እንደሚመለከት ግን አልታየውም።

የሌላ አገር ልጆችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለ ባለሦስት እግር ውሻ የሚያወራ የካርቱን ፊልም ቀረበላቸው። የታሰበው ከእኛ የተለየን ሰው እንዳናገልል ነበር፤ ብዙዎቹ የያዙት ግን ለባለሦስት እግር ውሻ ደግ መሆንን ነው።

የቶሮንቶ አጥኚዎች ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚናገር አንድ ታሪክ አነበቡላቸው፤ ለከፊሎቹ በእንስሳት፣ ለከፊሎቹ በሰዎች ሥዕል። ከንባቡ በፊትና በኋላ የራሳቸውን ስቲከር ለሌላ ልጅ እንዲያካፍሉ ዕድል ተሰጣቸው። የሰዎቹን ታሪክ የሰሙት ከፊተኛው አብልጠው ሰጡ፤ የእንስሳቱን የሰሙት አልጨመሩም። እኔን የሚገርመኝ ቀጣዩ ነው፤ ከእንስሳቱ ሰሚዎች መካከል እንስሳቱን እንደ ሰው የቆጠሩት ከሌሎቹ የተሻለ አካፈሉ።

ስለዚህ ተረቱን አይተዉት (አያቱም አይፈቅዱልዎትም)። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ያለችው ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ ግን እንደ ልጅዎ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ስለምትጠይቅና ስለምትሳሳት ሕፃናት እንደ ጓደኛቸው ያዩዋታል። የኮንዶሚኒየሙም ልጅ ሩቅ አይደለም። ሊፍቱን ያስረዱት፤ የታናሽን ድርሻ መመኘት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

መጨረሻ ላይ «ምን ተማርክ?» ማለቱን ይተዉት፣ ፈተና ይመስለዋል። መሃል ላይ ቆም ብለው «ስስታሟ የከለከለቻት ጦጣ አሁን ምን ተሰማት?» ይበሉት። ሌላ ቀን ለእህቱ እሱ ራሱ ይንገራት። ተመራማሪው ታደሰ ጃለታ በጉጂ ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ልጆቹ ሰሚ ብቻ ሳይሆኑ እርስ በርስ ተረት እየተነጋገሩ ከኑሯቸው ጋር አዛምደው እንደሚተረጉሙት አሳይቷል። የሰሞኑን ጥፋቱን ግን ተረት ሲነግሩት አያንሱበት፤ ተረት ሁሉ ስድብ ይመስለዋል።

እሱን የማይመስል ሰው ታሪክ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሌላ ጊዜ ነው። ለምሳሌ ለቡና ለቀማ ከሩቅ በመጣ፣ ቋንቋው ባልገባቸው ሠራተኛ ላይ ልጆች ሲስቁ። ጣሊያን ውስጥ ተማሪዎች ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ ሰውን ስለ መናቅ የሚያወሱ የሃሪ ፖተር ክፍሎችን እያነበቡ ተወያዩ። ራሳቸውን ከሃሪ ጋር ያዛመዱት ለስደተኞች ያላቸው አመለካከት ተሻሻለ፤ ስለ ጠንቋይ ልጅ አንብበው ስለ ጎረቤታቸው አሰቡ ማለት ነው። እነሱ ግን የአምስተኛ ክፍል ልጆች ነበሩ፤ ለእርስዎ ልጅ ገና ነው።