ማዳበሪያና የግጦሽ መስክ

ማዳበሪያ ለእህል ያለውን ጥቅም በራቤልና በአካባቢው የማያውቅ ገበሬ የለም ለማለት ይቻላል። ቢጫ ሆኖ የነበረ የገብስ ቡቃያ ዩሪያ ተበትኖለት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲለመልም ሁላችንም አይተናል። ከዚህም የተነሣ የግጦሹ መሬት እየጠበበ መኖ ሲያጥር «ማሳውን እንዲህ ካበረታው መስኩንስ ለምን አናዳብረውም?» የሚል ሐሳብ ይነሣል። በግና ከብት የኑሮው ምሰሶ ለሆነው ለመንዝ ሕዝብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ማዳበሪያ በመስክ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ የተማርሁትንና የተመለከትሁትን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እወዳለሁ።

እጽዋት ከአፈር ከሚያገኟቸው ምግቦች ዋና ዋናዎቹ ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው። ናይትሮጅን ቅጠልና አገዳን ያሳድጋል፤ ፎስፈረስ ሥርንና ፍሬን ያጠነክራል። 50 ኪሎ ግራም በሚመዝን አንድ ጆንያ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ። በማሳ ላይ የምንፈልገው የዘራነውን አንድ እህል ብቻ ስለሆነ ሌላውን አረም ብለን እንነቅለዋለን። መስክ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ እርምጃ መሬት ላይ ረጃጅምና አጫጭር ሣሮች፥ ማገጥና ሌሎችም ብዙ ቅጠሎች ተቀላቅለው ይበቅላሉ። እንግዲህ ጥያቄው ማዳበሪያው ሣሩን ያበዛዋል ወይ የሚል ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ሁሉ መካከል የትኛውን አበርትቶ የትኛውን ያጠፋል የሚል ነው።

ለዚህ ምልክት ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከብት ለብዙ ጊዜ ያደረበትን ጉሮኖ በክረምት መውጫ ላይ መመልከት ይበቃል። አፈሩ ከፋንድያውና ከሽንቱ የተነሣ እጅግ ወፍራም ነው፤ የበቀለውም ቅጠል ሰው እስከ ጉልበቱ ይውጣል። እኔ ቀረብ ብዬ ስመለከተው ግን አብዛኛው ሳማና ቱልት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ባለው ስስ መሬት ላይ ደግሞ ማገጥ፥ እንግጫ፥ ጦስኝ፥ አደይ አበባና ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ቀጫጭን ሣሮች ተቀላቅለው ነበር። በጉ የሚጎነብሰው ወደዚህኛው ነው፤ ሳማውን አልፎት ይሄዳል። ከዚህ የለመለመ ሁሉ መኖ አለመሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ጉሮኖን ከብትም ስለሚረግጠው ለውጡን ያመጣው የአፈሩ መዳበር ብቻ ነው ብሎ ለመፍረድ ይህ አይበቃም። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ ማዳበሪያው ብቻ የተለየበት ፈተና ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ፈተና በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በተባለ ስፍራ ጆን ሎስና ሄንሪ ጊልበርት የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. ጀመሩ። አንድ የቆየ የሣር መስክ ከፋፍለው ለአንዱ ክፍል ናይትሮጅን፥ ለሌላው ፎስፈረስና ፖታሲየም፥ ለሌላው ሁሉንም እየሰጡ፥ ጥቂቱን ደግሞ ያለ ምንም ማዳበሪያ ትተው የእያንዳንዱን ድርቆሽ ይመዝኑ ጀመር። ሐሳባቸው የድርቆሹን ብዛት ለማወቅ ነበር፤ ሆኖም ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በየክፍሉ የሚበቅሉት እጽዋት ራሳቸው ተለያዩ። ፈተናው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ምንም ማዳበሪያ ባላገኙት ክፍሎች 40 ያህል የእጽዋት ዓይነቶች ይገኛሉ። ብዙ አሞኒየም ሰልፌት በተጨመረባቸውና ኖራ ባልተሰጣቸው ክፍሎች ግን የቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው።

ምግብ በመጨመሩ እንዴት እጽዋት ይጠፋሉ? አንደኛው ምክንያት አንዳንድ የናይትሮጅን ማዳበሪያ አፈሩን አሲዳም ማድረጉ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን የብርሃን ነገር ነው። አፈሩ ስስ ሲሆን ረጅሙ ሣር እንደ ልቡ ለማደግ ስለማይችል ለትንሹ ብርሃን ይተርፈዋል። ናይትሮጅን ሲበዛ ግን ፈጣኑ ሣር ቶሎ ተመዝዞ ከላይ ይሸፍናል፤ ከበታች ያለው ማገጥ በጥላ ሥር ይመነምናል። ይኸን ለማረጋገጥ በስዊዘርላንድ አገር በዙሪክ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ለተዳበሩ እጽዋት ከበታቻቸው መብራት አበሩላቸው። ብርሃን ባገኙት ዘንድ ትንንሾቹ ሳይጠፉ ቀሩ፤ መብራት በሌለበት ግን ብዙዎቹ ጠፉ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ጥናትም በስድስት አህጉሮች 40 መስኮችን መርምሮ፥ የሚግጡ እንስሳት ረጅሙን ሣር በልተው ብርሃን ወደ መሬት ሲያወርዱ ከማዳበሪያው የሚመጣው ጥፋት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እዚህ ላይ ማዳበሪያ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ማገጥ እንደ ባቄላና እንደ አተር በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛል። ስለዚህ ዩሪያ ለእርሱ ትልቅ ስጦታ አይደለም፤ የሚያበረታው ተፎካካሪውን ሣር ነው። በሮታምስቴድም ፎስፈረስና ፖታሲየም ብቻ ባገኙት ክፍሎች የማገጥ ወገኖች በርትተው ተገኝተዋል። በአገራችንም በ1974 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የኢትዮጵያን ማገጦች መርምሮ በደጋው ጥቁር አፈር ላይ ፎስፈረስ ሲጨመርላቸው ምርታቸው በጣም እንደሚጨምር አረጋግጧል። ማገጥ ከሣር ይልቅ ፕሮቲን ያለው መኖ ስለሆነ ለምታጠባ በግና ለጥገት ላም ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ በኬሚስትሪ ባይማሩትም መስክን መጠበቅ ያውቁ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለውና 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው የመንዝ ጓሳ ለዚህ ምስክር ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በተባለው ሥርዓት ጓሳውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው፥ ጊዜው ሲደርስ ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፥ ጓሳው ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ጓሳውን ለዘመናት ያቆየው የሚወሰድበት ጊዜና መጠን በሕግ መወሰኑ ነው እንጂ ከውጭ የመጣ ማዳበሪያ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ዩሪያ ቦታው ማሳ ነው፤ በወል መስክ ላይ ሳይመረመር መበተን የለበትም። ሁለተኛ፥ ከማገዶ የሚተርፈው ፋንድያና አመድ በአንድ ቦታ ተከምሮ ሳማ ከሚያበቅል ወደ ገብሱ ማሳ ቢሄድ ይሻላል፤ ጉሮኖውንም በማሳው ላይ እያዘዋወሩ ማሳደር መልካም ነው። ሦስተኛ፥ መስኩን ማዳበር ግድ ከሆነ አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ይህ ሙከራ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያቅት አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ጥቂት ቦታዎችን በችካል ከልሎ፥ ለግማሾቹ ማዳበሪያ ሰጥቶ ግማሾቹን እንዳሉ ትቶ፥ በየዓመቱ በመስከረም ወር የበቀሉትን ዓይነቶች መቁጠርና መጻፍ ብቻ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ይህን ሥራ እንድንጀምር፥ መምህሮቻችን እንዲመሩን፥ ወላጆቻችንም የእጽዋቱን ስምና ከብት የሚወደውን እየነገሩ እንዲያግዙን እለምናለሁ። አንድ ዓመት በለመለመ መስክ ተደስተን፥ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን አስቀድሞ መቁጠር ይሻላል።