የወንዝ ሒሳብ

እኛ ተማሪዎች ስለ ወደፊት ሥራችን ስንጨዋወት ባንክ መግባትን ወይም ደኅና መሥሪያ ቤት ማግኘትን እናነሣለን እንጂ ዕድሜን በጥናት ስለ መፍጀት ማውራት አንወድም። በተለይም ገንዘብ ለአየር ንብረትና ለተፈጥሮ ጥበቃ ከየት እንደሚመጣና ማንን እንደሚጠቅም የሚመረምረው ሙያ ለብዙዎቻችን የፈረንጅ ቅንጦት መስሎ ይታየናል። እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ከመካኒሳ ማለፍ አያስፈልግም።

ትንሹ አቃቂ ወንዝ በመካኒሳ በኩል ሲያልፍ ከላይ ያሉት ፋብሪካዎችና መንደሮች የጣሉትን ሁሉ ተሸክሞ ነው። በዳርቻው ያሉት ገበሬዎች በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ፤ አትክልቱም በከተማው ገበያ ይሸጣል፤ ምናልባትም እኛው በልተነው ይሆናል። ፍስሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በሚበቅሉት ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላሉት ከባድ ብረቶችና በጤና ላይ ስለሚያስከትሉት ጉዳት ጽፈዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ወጪ አለ፤ ነገር ግን በአንድም ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ውስጥ አልሰፈረም። የሚከፍለው በላተኛው ነው፤ ያውም ሳያውቅ።

ወንዙን ለማጽዳት የሚያስፈልገው ገንዘብ ዛሬ ይወጣል፤ ጥቅሙ ግን ለብዙ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ የሚገኝ ነው። ታዲያ ከ30 ዓመት በኋላ የምናገኘው 100 ብር ዛሬ ስንት ያወጣል? 100ን ለ1.10 ሠላሳ ጊዜ ደጋግመን ብናካፍል፣ ማለትም በዓመት የ10 በመቶ ቅናሽ ብናደርግ፣ 5 ብር ከ73 ሳንቲም ይቀራል። ቅናሹ 3 በመቶ ከሆነ ግን 41 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። በመጀመሪያው ስሌት ወንዙን ማጽዳት ኪሳራ ይሆናል፤ በሁለተኛው ሊያዋጣ ይችላል። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ የተለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

በዚህ ቁጥር ታላላቆቹም ተጣልተውበታል። እንግሊዛዊው ኒኮላስ ስተርን እ.ኤ.አ. በ2006 ዝቅተኛ ተመን ይዘው ዓለም ሳይዘገይ ወጪ ያድርግ ሲሉ፣ በ2018 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት አሜሪካዊው ዊልያም ኖርድሃውስ ወደ ገበያው የተጠጋ ከፍ ያለ ተመን ይዘው ረጋ እንበል ብለዋል። እኛ በበኩላችን ወደ ስተርን እናደላለን። ሆኖም ዛሬ የተራበ ሰው ባለበት አገር ስለ ነገው ልጅ ብቻ ማሰብም ራሱን የቻለ ጭካኔ አለበት፤ ይህን ክርክር ከእኛ የተሻለ ማን ሊያካሂደው ይችላል?

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን አገራችን በብዙ መንገድ ሞክራዋለች። በ2003 ዓ.ም. ለተጀመረውና በ2017 መጨረሻ ለተመረቀው ለህዳሴው ግድብ ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጥቷል፤ ቦንድም ገዝቷል። በወላይታ በሁምቦ ገበሬዎች በ2,728 ሄክታር ላይ የተራቆተውን ደን መልሰው በማልማታቸው፣ ዛፉ ከአየር ለሳበው ካርቦን የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ገንዘብ ከፍሏል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማስዋብ በተዘጋጀው ገበታ ለሸገር አንድ ሰው ለአንድ ራት 5 ሚሊዮን ብር ከፍሏል። ደመወዝተኛው፣ የውጭው ገዢና ባለጠጋው በየተራ ከፈሉ ማለት ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚዘልቅ፣ የትኛውስ ድኻውን እንደሚጫነው መመርመር የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

መንገዱን የጀመሩልን አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አለሙ መኮንን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የገጠር ቤተ ሰቦች ለማኅበረሰብ ደን ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆኑ ራሳቸውን ጠይቀው አስልተዋል። ዋጋ የሌለው የሚመስለውን ነገር ዋጋ ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ! ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥያቄውን መላሹ በሚገባው አነጋገር ማዘጋጀት ግን ከሒሳቡ ይልቅ ይከብዳል።

ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ያጣ ጓደኛ ካለ፣ መካኒሳ ላይ ያልተነካ አንድ ጥያቄ እንሰጠዋለን። ወንዙ ቢጸዳና ዳርቻው መናፈሻ ቢሆን በአካባቢው ያለው መሬት ዋጋው ይጨምራል። ያ ጭማሪ ለማን ይገባል? ዛሬ ጎመን የሚተክለው ገበሬስ በዚያ ሒሳብ ውስጥ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል፣ በገቢ ወይስ በወጪ?