የአህያ ገጣባ፡ መከላከያውና የመጀመሪያ ሕክምናው
ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ አርሶ አደሮች የቀረበ ምክር



ሽንኩርቱና ማሾው ከማሳ ወጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲጓዝ፣ ብዙውን ሸክም የምትችለው አህያ ናት። በቆላው ሙቀት በላብ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል፤ ኩርታኑ ሲፈትገው ደግሞ ገጣባ ይወጣል። ገጣባ የሚመጣው ከጭነት ብዛት ብቻ አይደለም። ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍና ኩርታኑ ሲንሸራተትም ይመጣል። መነሻው ካልተስተካከለ መድኃኒት ቢቀቡትም ተመልሶ ያመረቅዛል።

ቀድሞ መለየት

ጭነቱ እንደወረደ ጀርባዋን እዩ። ዙሪያው በላብ ርሶ መሃሉ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ፣ ኩርታኑ እዚያ ላይ ከመጠን በላይ ተጭኗል ማለት ነው። በመዳፋችሁ ስትዳስሱ የሚሞቅ፣ ያበጠ ወይም ስትነኩት የምትሸሽበት ቦታ ካገኛችሁ ጭነት ይቁምላት። ቆዳው ሳይላጥ የተደረሰበት ጉዳት በዕረፍት ይድናል።

ቀላል ቁስል ሲኖር

1. አህያዋን የሚያረጋጋ ሰው ይያዝላችሁ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
2. የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳታነሡ ጫኑት።
3. ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ጠዋትና ማታ እጠቡት።
4. ዙሪያውን አድርቃችሁ ባለሙያ ያዘዘላችሁን ቅባት ወይም ርጭት አድርጉበት። ዝንብ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ፤ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል።
5. ቆዳው ገጥሞ፣ ስትነኩት መሸሽ እስክትተው ድረስ አትጫኗት።

ፈጽሞ የማይደረግ

የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ አመድ፣ እበትና የጋለ ብረት ቁስሉን ያሰፉታል እንጂ አያድኑትም። ኩርታኑን በቁስሉ ልክ መቅደድም አይበጅም፤ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ስለሚጫን ደም እንዳይደርስ ያግዳል።

ኩርታኑን ማስተካከል

የጀርባ አጥንቷን ምንም ነገር አይጫነው። በጭድ የተሞሉ ሁለት ወፍራም ትራሶች ግራና ቀኝ ይቀመጡ፤ መሃሉ ክፍት ይሁን። ቆዳዋን የሚነካው ላብ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላብ ስለማይመጥ ይፈትጋታል። ጨርቁን እያጠባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቀጭን የናይለን ገመድ ሥጋ ስለሚቆርጥ በሰፊ ጠፍር ለውጡት። የሁለቱ ጎን ጭነት እኩል ይሁን፤ ጉዞውም ፀሐይ ሳይበረታ ይጀመር።

ወደ እንስሳት ጤና ኬላ መቼ?

ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ትል ካፈራ ወይም አጥንት ከታየ አትዘግዩ። ሚስማር ወይም እሾህ በጥልቀት ከወጋትም ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ አህያ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ የምትጠቃ እንስሳ ናት። እግሯ ከተገተረ፣ አፏን መክፈት ካቃታት ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ውሻ ከነከሳት የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ስለሚችል ምራቋን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ወዲያውኑ ለባለሙያ አሳውቁ።

አህያ አንድ ብቻ ላለው ቤት ዕረፍት መስጠት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ በእርሻና በአጨዳ በወንፈል እንደምትረዳዱ ሁሉ፣ ገጣባ ለያዛት አህያ ባለቤት የራሳችሁን እያዋሳችሁ ሸክሙን ተጋሩ። ዛሬ ያረፈች አህያ የሚቀጥለውን ምርት ገበያ ታደርሳለች።