የሒሳብ ማሽን ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር
ሚዛኑ እንዳይጎድል ነጋዴው ማወቅ ያለበት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃ፣ የገበያው መሠረት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ መተማ ላይም መጋዘን ከከፈተ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ግብይቱን ከድምፅ ጨረታ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ካሸጋገረ በኋላ የነጋዴው ሥራ ከኮምፒዩተር ጋር ይበልጥ ተቆራኝቷል። መዝገቡም በብዛት የሚያዘው በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ ነው። የቆዩት የፒችትሪ እትሞች የተሠሩት ለቆዩ የዊንዶውስ እትሞች በመሆኑ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ያስቸግራሉ። በዚህም ምክንያት ብዙ የሒሳብ ክፍሎች አሮጌውን ዊንዶውስ ከነፒችትሪው «ቨርቹዋል ማሽን» ውስጥ አስቀምጠው ይሠራሉ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሃርድ ዲስኩ የሚባለውም አንድ ትልቅ ፋይል ነው።

በዚህ መስክ ስሙ የገነነው ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ወደ ብሮድኮም ኩባንያ እጅ ገባ። ብሮድኮም በቀጣዩ ወር አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ፣ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ተካው። ክፍያው በዶላር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ያለ ፈቃድ ክፍያ ወደሚገኙት እንደ ፕሮክስሞክስና ቨርቹዋልቦክስ ወዳሉ ፕሮግራሞች ማየት የጀመሩትም ለዚሁ ነው። በአንጻሩ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን የተባለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር እትም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ለንግድ ሥራም በነፃ ስለተፈቀደ፣ በአንድ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነጋዴ በዋጋ ምክንያት ብቻ ለመዛወር አይገደድም።

መዛወር ግድ ከሆነ ሥራው ሰሊጥን ከመጋዘን ወደ መኪና እንደመጫን ነው። ሲወጣ ይመዘናል፣ ሲራገፍም ይመዘናል።

የመጀመሪያው እርምጃ መመዝገብ ነው። ማሽኑ የተሰጠው ሜሞሪ ስንት እንደሆነ፣ የሚነሳው በባዮስ ይሁን በዩኢኤፍአይ፣ ዲስኩ የተያያዘው በአይዲኢ፣ በሳታ ወይስ በስካዚ እንደሆነ፣ እንዲሁም የኔትወርክ አድራሻው በወረቀት ላይ ይጻፋል። ከፒችትሪም የሒሳብ ሚዛን ዝርዝሩና የመጨረሻው የደረሰኝ ቁጥር ታትመው ይቀመጣሉ። የፒችትሪው ባክአፕ ለብቻው በፍላሽ ይወሰዳል።

ሁለተኛው ማጽዳት ነው። «ስናፕሾት» የሚባሉት በየጊዜው የተወሰዱ የማሽኑ ቅጂዎች ካሉ ወደ ዋናው ዲስክ ይጠቃለላሉ። ይህ ካልተደረገ ዋናው የዲስክ ፋይል ብቻውን ሲዛወር የኋለኞቹ ወራት ሒሳብ ሊቀር ይችላል። «ቪኤምዌር ቱልስ» የተባለው ረዳት ፕሮግራምም ከመዛወሩ በፊት ይነቀላል፤ ከተዛወሩ በኋላ መንቀሉ አስቸጋሪ ነውና። ከዚያ ማሽኑ «እንዲተኛ» ሳይሆን ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ይደረጋል።

ሦስተኛው ማጓጓዝ ነው። የቪኤምዌር ዲስክ ፋይል ቪኤምዲኬ ይባላል። ቨርቹዋልቦክስ ይህንኑ ፋይል እንዳለ መክፈት ይችላል። ለፕሮክስሞክስ ግን ኪውኢሚዩ-ኢሜጅ በተባለው ነፃ መሣሪያ ወደ ኪውካው 2 ዓይነት መለወጥ የተለመደ ነው። መሣሪያው ምንጩን ከማንበብ በቀር ስለማይነካው በመሃል መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አዲሱ ፋይል ብቻ ነው። በዲስኩ ላይ ግን ለአሮጌውም ለአዲሱም የሚበቃ ቦታ ሊኖር ይገባል።

ፋይሉ ሳይለወጥ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ሲቀዳ ሻ-256 የተባለው የማረጋገጫ ቁጥር ከቅጂው በፊትና በኋላ አንድ መሆን አለበት። ዓይነቱ ሲለወጥ ግን ቁጥሩም ስለሚለወጥ ይህ እንደ ስሕተት አይቆጠርም፤ በዚህ ጊዜ የሚያገለግለው የዚሁ መሣሪያ የማነጻጸሪያ ትእዛዝ ነው።

አራተኛው ማስነሳት ነው። አዲሱ ማሽን በወረቀቱ ላይ በሰፈረው ልክ ይሠራል። ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ 7ቢ የሚል የስሕተት ቁጥር ካወጣ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ጠፋ ማለት ሳይሆን የተያያዘበት መንገድ ተለውጧል ማለት ነው። ዲስኩን በአይዲኢ ወይም በሳታ አያይዞ ማስነሳት፣ ቀጥሎ ቨርትአይኦ የተባለውን ድራይቨር መጫን፣ ከዚያ ወደ ፈጣኑ መንገድ መቀየር መፍትሔው ነው። የኔትወርክ ካርዱ አዲስ ስለሚሆን አድራሻው እንደገና ይሞላል። ዊንዶውስም ፈቃዱ እንደገና እንዲረጋገጥ ሊጠይቅ ይችላል።

የመጨረሻው ሚዛኑ ነው። ከአዲሱ ማሽን የሚወጣው የሒሳብ ሚዛንና የደረሰኝ ቁጥር ቀድሞ ከታተመው ጋር ሳንቲም ሳይቀር መግጠም አለበት። አሮጌው ማሽን ጠፍቶ ይቆያል እንጂ ቢያንስ አንድ የወር ሒሳብ በአዲሱ ላይ እስኪዘጋ አይሰረዝም። ሁለቱን በአንድነት አስነስቶ በሁለቱም ላይ መመዝገብ ደግሞ አንዱን ሒሳብ ሁለት ያደርገዋል።

ጊዜውንም መምረጥ ይገባል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሰሊጡ የሚታጨድበትና ገበያ የሚገባበት ወቅት ስለሆነ የሒሳብ ማሽን አይነካም። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ስለሚበረታ፣ ሰዓታት የሚፈጀውን የመለወጥ ሥራ ሌሊት ማድረጉ ለኮምፒዩተሩ ይሻላል።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነጋዴው መዝገቡን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ግዴታ ጥሎበታል። ኦዲተር ፊት ቀርቦ «ማሽኑ ሲዛወር ጠፋ» ማለት ሰነድ አይሆንም። ስለዚህ የታተመው የሒሳብ ሚዛን፣ የማሽኑ ዝርዝር ያለበት ወረቀትና የባክአፑ ፍላሽ ከኮምፒዩተሩ ርቀው፣ ካዝና ውስጥ ቢቀመጡ መልካም ነው።