ከኮልፌ ለጀማሪዋ ኦዲተር

ልጄ፣ ኦዲት ድርጅት መቀጠርሽን እናትሽ ነግራኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ሥራ እንደማትፈሪ አውቃለሁ፤ መቸኮልሽንም አውቃለሁ። የጀመርሽበት ጊዜ ደግሞ እንደ እኛ ዘመን አይደለም። ያኔ ሪፖርታችንን የሚያነቡት ባለቤቱ፣ አበዳሪው ባንክና ገቢዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ገዳ ባንክም ተከተለ። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። እንግዲህ አየር ጤና ሱቅ ያላት ሴት 9,900 ብር ይዛ ባለአክሲዮን መሆን ቻለች ማለት ነው። እሷ የማንንም ኩባንያ መዝገብ ገልጣ አታይም፤ የምታይላት አንቺ ነሽ። ስለዚህ የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚ።

1. ስምሽ እንደሚወጣበት አድርገሽ ሥሪ። ማኅተሙ የድርጅቱ ነው ብለሽ ከኋላው አትደበቂ። የአንድ ድርጅት ኦዲተሮች በአንድ ማኑዋል ይሠራሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ቻይና ውስጥ የኦዲት ሪፖርት የሚፈርሙት ሰዎች በስም ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎችን የመረመሩትን ኦዲተሮች በየስማቸው ተከታትሎ፣ የኦዲት ጥራት ከሰው ሰው እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ለልዩነቱም የሰውየው ትምህርት፣ በትልልቅ ድርጅቶች ያገኘው ልምድና ያለበት ደረጃ ድርሻ አላቸው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድም በገበያ በተመዘገበ ኩባንያ ሪፖርት ላይ የኃላፊው ፓርትነር ስም እንዲጻፍ ያዛል። ነገ ያ ስም ያንቺ ነው።

2. ያላየሽውን ቲክ አታድርጊ። የሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ሥራ ሲደራረብ ዓይን ይደክማል፤ የመጀመሪያዎቹ ቫውቸሮች ልክ ከሆኑ የቀሩትም ልክ ናቸው ማለት ይመጣል። ናሙና የተወሰደው ግን እያንዳንዱ እንዲታይ ነው። ማን አጸደቀ? ማን ተቀበለ? ከአንድ ሻጭ በሦስት ወር ልዩነት የመጡ ደረሰኞች ቁጥራቸው ተከታታይ ከሆነ፣ ሰውየው በመሃል ለሌላ ደንበኛ ምንም አልሸጠም ማለት ነው? እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው ቀስ ብሎ ለሚያገላብጥ ሰው ብቻ ነው።

3. ጠርጥሪ። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያሉት አበው ኦዲተር ባይሆኑም ሙያውን ያውቁታል። ካራ ቆሬ መጋዘን ለቆጠራ ብትላኪ፣ ስቶር ኪፐሩ የሚያሳይሽ ፊት ለፊት የተደረደረውን ነው። ቁልሉ ላይ ወጥተሽ መሃሉ ባዶ አለመሆኑን እዪ፤ ካርቶን አስከፍቺ። ከቢን ካርዱ ተነስተሽ ዕቃውን ፈልጊ፣ ከዕቃውም ተነስተሽ ካርዱን ፈልጊ። አንደኛው የሌለ ነገር መጻፉን፣ ሌላው ያለ ነገር መዘለሉን ያሳይሻል። ይህ ሰውን መጥላት እንዳይመስልሽ፤ ታማኙን ስቶር ኪፐር ከሐሜት የሚያድነው በደንብ የተቆጠረ ዕቃ ነው።

4. ማስረጃሽን ከምንጩ ውሰጂ። የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤ ላይ ደንበኛው ይፈርማል እንጂ አያመላልሰውም። አንቺ ላኪው፤ መልሱም በቀጥታ ወደ ቢሮሽ ይምጣ። «ቅርንጫፉ እዚሁ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው፣ ሒሳብ ሹማችን ይዞት ይምጣ» ቢሉሽ አመስግነሽ እምቢ በይ። ፓርማላት የተባለው የጣሊያን የወተት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወድቅ፣ በባንክ ኦፍ አሜሪካ አለኝ ያለው ወደ 4 ቢሊዮን የሚጠጋ ዩሮ ጭራሽ ያልነበረ፣ የማረጋገጫ ደብዳቤውም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

5. የደንበኛውን ሥራ እወቂ። አሁን ገበያው ላይ ቀድመው የገቡት ባንኮች ናቸው፤ ባንክን የማያውቅ ኦዲተር ደግሞ ድምር ከማረጋገጥ አያልፍም። ያልተመለሰ ብድር በአዲስ ብድር እየተከፈለ ዓመት ከዓመት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ክፈቺ፤ ተበዳሪው ከገዛ ገቢው የከፈለው መቼ ነው? መያዣው የተገመተው መቼ ነው፣ በማን? ለብድር ኪሳራ የተያዘው መጠባበቂያ ትንሽ ሲሆን ትርፉ ይደምቃል፤ አየር ጤና ያለችው ሴትም አክሲዮን የምትገዛው ያን ትርፍ አይታ ነው።

6. ያየሽውን ያኔውኑ ጻፊ። ምን እንዳየሽ፣ ማንን እንደጠየቅሽ፣ ምን እንደመለሰልሽ፣ ከነቀኑ ዎርኪንግ ፔፐርሽ ላይ ይስፈር። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የተቋቋመው የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሥራሽን ሊመረምር ቢመጣ፣ በቃል የምትነግሪው አይቆጠርልሽም። ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ነው።

7. ከደንበኛሽ ጋር አትላመጂ። ምሳ ሲደጋገም ጥያቄ ያንሳል። የምትመረምሪውን ኩባንያ አክሲዮን አንድም እንኳ አትግዢ፤ ባል ስታገቢ እሱም አይግዛ። አብሮ መቆየትም እንደ ስጦታ ያዘናጋል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሥነ ምግባር ደንብ በገበያ የተመዘገበ ኩባንያን ኦዲት የሚመራ ፓርትነር ከ7 ዓመት በላይ እንዳይቆይ የሚከለክለው፤ አሜሪካኖቹ ከ5 አያሳልፉትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ፣ የእሱን ሒሳብ ሁለት ጊዜ እዪ።

8. ካልተስማማሽ ድምፅሽን አሰሚ። አርተር አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተ፣ በዓለም ዙሪያ 85,000 ያህል ሠራተኛ የነበረው የኦዲት ድርጅት ነበር። ከባለሙያዎቹ አንዱ፣ ካርል ባስ፣ ድርጅቱ ኦዲት የሚያደርገውን የኤንሮን ኩባንያን የሒሳብ አሠራር ተቃወመ፤ ኤንሮን ስላማረረ በ2001 ከዚያ ሥራ እንዲነሳ ተደረገ። ኦዲቱን የሚመሩት ግን የኩባንያውን ሒሳብ ተቀብለው ቀጠሉ። ኤንሮን በዚያው ዓመት ከሰረ፤ አንደርሰንም በ2002 የሕዝብ ኩባንያዎችን ኦዲት ማድረግ አቆመ። ማኑዋሉ አንድ ነበር፣ ማኅተሙም አንድ ነበር፤ የተለያየው ሰው ነው። አንቺም ማኔጀርሽ «ይለፍ» ቢልሽ በአክብሮት ምክንያቱን ጠይቂ፣ ካላሳመነሽ ሐሳብሽን በጽሑፍ አስቀምጪ፣ ወደ ፓርትነሩም ውሰጂው። ሊቆጡሽ ይችላሉ፤ ቁጣ ያልፋል።

ልጄ፣ ይህ ሁሉ ገና ለጀማሪ ከባድ መስሎ እንዳይታይሽ። ቦርድም፣ አዋጅም፣ ስታንዳርድም ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው ፋይሉን ከፍታ በተቀመጠች በአንዲት ወጣት ላይ ነው። እሷ ከዘለለችው ከላይ ያሉት አያገኙትም። ሰኞ ሥራ ስትገቢ ባለፈው ሳምንት ሳታዪው ቲክ ያደረግሽው ካለ፣ ከሁሉ በፊት እሱን አውጥተሽ እዪው።