መጠጥና ዱላ በቤተሰብ ውስጥ፦ በዳዩን ወደ ርዳታ እንዴት እንምራው?



ጠጥቶ እየገባ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ጉዳይ ለሽምግልና በቀረበ ቁጥር፣ «መጠጡ ነው እንጂ እርሱስ ደግ ሰው ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ያደርጋል። መጠጥ ራስን መግዛትን ያዳክማል፤ ነገር ግን የሚጠጣ ሁሉ ሚስቱን አይመታም። ስለዚህ ሰውየው መጠጡን ቢተውም ዱላው በራሱ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ርዳታ ይሻሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ከሁሉ አስቀድሞ የሚስትና የልጆች ደኅንነት ይጠበቅ። ባልዋን የመምከር ሸክም በእርስዋ ላይ አይጣል፤ የነገረችንም ያለ ፈቃድዋ አይነገረው፤ ለበቀል ያጋልጣታልና። የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ አብሮ መኖር አደገኛ ሲሆን ተለይቶ መኖርን ይፈቅዳል፤ መዘግየት የሚያሰጋ ከሆነም ተበዳይዋ በራስዋ ውሳኔ መውጣት ትችላለች (እ.ኤ.አ. የ1983 ሕገ ቀኖና፣ ቁ. 1153፤ የ1990 የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ ቁ. 864)። ይህም የጋብቻን ማሰሪያ መፍታት አይደለም። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ያስቀጣል።

2. እርስዋ ከፈቀደች፣ ባልየው የሚያከብረው ሰው ስካሩ በበረደለት ሰዓት ለብቻው ያነጋግረው። ሳይሰድበውና ሳያባብለው፣ «ያደረግኸው በደል ነው፤ መጠጡንም ብቻህን አልቻልኸውም፤ ሐኪም ዘንድ አብሬህ ልሂድ» ይበለው።

3. ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊደርስበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በመሐላ ብቻ ከማስተው ይልቅ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጸሎትና ንስሐ ከሕክምናው ጋር ይሂዱ እንጂ ምትኩ አይሁኑ።

4. ዕንባን እንደ ለውጥ አንቁጠር። እውነተኛው ምልክት በደሉን በመጠጥ ሳያመካኙ ማመን፣ የሕክምና ቀጠሮን ማክበር፣ ሚስትም «ገና አልመለስም» ስትል ያለ ቁጣና ያለ ዛቻ መታገሥ ነው። ይህ በወራት እንጂ በአንድ የእርቅ ቀን አይታይም።

በዳዩን ወደ ርዳታ መምራት ፍቅር ነው፤ በደሉን መሸፈን ግን እርሱንም ተበዳይዋንም መጣል ነው።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ተበዳይዋ ያለ ፍርሃት ልታነጋግረው የምትችለው ማን ነው? በዳዩንስ ወደ ሐኪም የሚሸኘው ማን ይሆን?